የዶሮ ኩስ የሚያመጣውን ጉዳት ከመኖው ጀምሮ ስለ መቀነስ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለመሬት ባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት የተጻፈ

በገበሬው ጓሮ ጥሬ እየለቀሙ የሚኖሩ ጥቂት ዶሮዎች በጎረቤትም፥ በምንጭም፥ በአየርም ላይ ጉዳት አያመጡም። ኩሳቸው በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ መሬቱ ይቀበለዋል፤ የጓሮውም ጎመን ይጠቀምበታል። ነገር ግን አንድ ሺህ፥ አምስት ሺህ፥ ዐሥር ሺህ ዶሮ በአንድ ጣራ ሥር በተሰበሰበ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በበሩ የሚገባው መኖ በብዙ ኩንታል ይቈጠራል፤ የሚወጣውም ኩስ እንዲሁ ነው። ሽታው ዐይን ያስለቅሳል፤ ክረምት በገባም ጊዜ ጎርፉ የኩሱን ክምር እያጠበ ወደ ጕድጓድ ውሃና ወደ ሐይቅ ይወስደዋል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ወረዳው ሹም ይቀርባል፤ ባለ ርባታውም በበኩሉ «ገንዘቤን ያፈሰስሁበት ሥራ ሊዘጋብኝ ነው» እያለ ይቀርባል። ሹሙም በሁለቱ መካከል ይቆማል።

ይህ ጽሕፈት እንዲህ ላለው ሹም አንድ ነገር ለመግለጽ ተዘጋጅቷል። ይኸውም የኩሱ ጉዳት የሚጀምረው በኩሱ ክምር ላይ ሳይሆን በመመገቢያው ገንዳ ላይ መሆኑ ነው። ዶሮዋ ከሚያስፈልጋት በላይ የተሰጣት ፕሮቲን ዕንቁላልም ሥጋም አይሆንም፤ በኩሷ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መኖውን በልክ ያስተካከለ ባለ ርባታ የራሱን ገንዘብ ሲያድን የጎረቤቱንም ውሃ ያድናል። ርባታውን ከመዝጋትና የሰፈሩን ሰው ዝም ከማሰኘት ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ ማለት ነው።

የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ ዶሮ ማርባት በየወረዳው ብዙ ሰው የሚገባበት ሥራ ሆኗል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ዶሮ በበዛ መጠን ኩስም ይበዛልና አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስለ ናይትሮጅን ምንነት

በኩሱ ውስጥ ያለውና ጉዳቱን የሚያመጣው ዋናው ነገር ናይትሮጅን ይባላል። ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ የሚሆነው ክፍል ነው፤ በአየር ውስጥ ሳለ ማንንም አይጐዳም። በፕሮቲን ውስጥም ይገኛል፤ ከ100 ግራም ፕሮቲን 16 ግራም ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ለሰብልም ዋና ምግቡ ነው። ገበሬው ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ሲገዛ የሚገዛው ይህንኑ ነው፤ በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። እንግዲህ ናይትሮጅን በራሱ ጠላት አይደለም፤ የሚጐዳው ያለ ቦታውና ያለ ልኩ ሲገኝ ነው።

ዶሮ ሰውነቷ ያልተጠቀመበትን ናይትሮጅን እንደ ላም በሽንት አታወጣም። ዩሪክ አሲድ ወደሚባል ነገር ለውጣ ከኩሷ ጋራ ታወጣዋለች፤ በኩሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር እርሱ ነው። ይህ ነጭ ነገር ደርቆ ከቆየ ብዙ አይለወጥም። እርጥበትና ሙቀት ባገኘ ጊዜ ግን ባክቴሪያ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ወደ ዶሮ ቤት ስንገባ ዐይናችንን የሚያቃጥለው ይኸው አሞኒያ ነው።

ጉዳቱም በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፤ በቤቱ ውስጥ የአሞኒያው መጠን ከሚሊዮኑ የአየር ክፍል ከ25 ሲያልፍ የዶሮዎቹ ዐይንና መተንፈሻ ይታመማል፤ መብላት ይቀንሳሉ፤ የሳንባና የጕሮሮ በሽታም በቀላሉ ይይዛቸዋል። በውስጡ የሚሠራውም ሰው የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ሁለተኛ፤ ወደ ውጭ የወጣው አሞኒያ በአየር ተሸክሞ ሄዶ ከዝናብ ጋራ በመሬትና በውሃ ላይ ይወርዳል፤ በሐይቅ ላይ ሲበዛም አልጌ የተባለው አረንጓዴ ነገር ይበቅላል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ሦስተኛ፤ በመሬት ውስጥ የቀረው ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከዝናቡ ጋራ ወደ ጕድጓድ ውሃ ይሰርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የናይትሬት ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ባለፈ ውሃ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ጨቅላ ሕፃን ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል፤ ገላው ይጠቍራል፤ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። ናይትሬት ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ እናትየዋ ውሃውን አይታ ልታውቅ አትችልም። የነገሩ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ላይ ነው።

ቦታውም ነገሩን ያከብደዋል። በቢሾፍቱ ያሉት እንደ ሆራና እንደ ባቦጋያ ያሉ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ሐይቆች የሚፈስስ ወንዝ አይወጣላቸውም፤ የገባባቸው ሁሉ በውስጣቸው ይቀራል። ከተማዪቱም ዘመናዊ የዶሮ ርባታ በብዛት ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። እንዲህ ባለ አገር የተሾመ ሰው ከሌላው ይልቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባዋል።

የአንዲት ዶሮ ሒሳብ

ነገሩን በሒሳብ ብንመለከተው ግልጽ ይሆናል። አንዲት ዕንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። መኖው ከመቶው 17 እጅ ፕሮቲን ያለበት እንደ ሆነ፥ የበላችው ፕሮቲን 18.7 ግራም፥ በውስጡም ያለው ናይትሮጅን 3 ግራም ያህል ነው። 60 ግራም የሚመዝን ዕንቁላል 7 ግራም ያህል ፕሮቲን፥ ማለት 1.1 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። በዐሥር ቀን ዘጠኝ ዕንቁላል ብትጥል በየቀኑ በዕንቁላሏ የወጣው 1 ግራም ነው። የቀረው 2 ግራም በኩሷ ይወጣል። እንግዲህ ባለቤቱ ሦስት ብር አውጥቶ ከገዛው ፕሮቲን የሁለቱ ብር ወደ ኩስ ሄደ ማለት ነው።

ይህ በዓመት ሲቈጠር ከአንዲት ዶሮ 730 ግራም፥ ከ1,000 ዶሮ 730 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። በዩሪያ ብናሰላው ባለ 50 ኪሎ 32 ከረጢት ያህል ነው። 32 ከረጢት ዩሪያ በአንድ ግቢ ውስጥ ከጕድጓድ አጠገብ ቢከመርና ዝናብ ቢዘንብበት ማንም ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ኩስ ስለ ሆነ ግን ዝም ይባላል።

አሁን የመኖው ፕሮቲን ከ17 ወደ 16 እጅ ዝቅ አለ እንበል፤ ዕንቁላሉም እንደ በፊቱ ይጣል። ከ1,000 ዶሮ በዓመት የሚወጣው ናይትሮጅን ከ730 ወደ 660 ኪሎ ያህል ይወርዳል። ልዩነቱ 70 ኪሎ፥ ማለት ባለ 50 ኪሎ ሦስት ከረጢት ዩሪያ ነው። በብዙ ስፍራ ተፈትኖ የታወቀውም ከዚህ ጋራ ይስማማል፤ የመኖው ፕሮቲን ከመቶው አንድ እጅ በተቀነሰ ቍጥር በኩሱ የሚወጣው ናይትሮጅን ከዐሥር አንድ ያህል ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ፕሮቲን የበዛባት ዶሮ ብዙ ውሃ ትጠጣለችና ኩሷ እርጥብ ይሆናል። መኖው በተስተካከለ ጊዜ ኩሱም ይደርቃል፤ የደረቀም ኩስ አሞኒያ አያበዛም።

ዕንቁላል ሳይጐድል ፕሮቲን የሚቀነስበት መንገድ

እዚህ ላይ አንባቢው «ፕሮቲን ተቀንሶ ዕንቁላሉ እንዴት እንደ በፊቱ ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ በፕሮቲን አሠራር ውስጥ ይገኛል። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ልዩ ልዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹን ዶሮ በሰውነቷ ትሠራቸዋለች፤ ሌሎቹን ግን ከመኖው ካላገኘች ከየትም አታመጣቸውም።

ነገሩ የሸማኔን ሥራ ይመስላል። ሸማኔ ለዐሥር ኩታ የሚበቃ ድርና ማግ ቢኖረው፥ የጥለቱ ክር ግን ለስድስት ብቻ ቢበቃ፥ የሚጨርሰው ስድስት ኩታ ነው፤ የተረፈው ነጭ ክር ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። በዶሮም ሰውነት እንዲሁ ነው። በበቆሎና በአኩሪ አተር በተሠራ መኖ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ቀጥሎ ላይሲን፥ ከዚያም ትሪዮኒን ነው። ብዙ ባለ ርባታ ይህን ጕድለት የሚሞላው አጠቃላዩን ፕሮቲን በመጨመር ነው፤ ይህም ማለት የጥለት ክር ላነሰው ሸማኔ ሌላ ሙሉ የድርና የማግ ሸክም እንደ መስጠት ነው። የተረፈውን ሁሉ የዶሮዋ ሰውነት አፍርሶ ናይትሮጅኑን ወደ ኩስ ይጥለዋል።

የጐደለውን ብቻ ለይቶ መስጠት ግን ይቻላል። ሜቲዮኒንን ጆን ሐዋርድ ሙለር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. አገኘው፤ ዛሬ በፋብሪካ እየተሠራ ይሸጣል። ላይሲንንም ጃፓኖች በ1950ዎቹ ዓመታት በባክቴሪያ አማካይነት ማምረት ከጀመሩ ወዲህ በብዙ አገር ይመረታል። ለዕንቁላል ዶሮ በ1,000 ኪሎ መኖ ውስጥ የሚገባው ሜቲዮኒን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። በዚህ ትንሽ ነገር ብዙ ኪሎ አኩሪ አተር ወይም ፋጉሎ ከመኖው መቀነስ ይቻላል።

በአገራችን የሚገኙትንም መኖዎች ጠባያቸውን አውቆ መቀላቀል ይጠቅማል። በቆሎ ፕሮቲኑ ከመቶው 8 ወይም 9 እጅ ብቻ ሲሆን ላይሲኑ ያንሳል። አኩሪ አተር በላይሲን የበለጸገ ነው፤ ሜቲዮኒኑ ግን ያንሳል። የሰሊጥ ፋጉሎ በተቃራኒው ሜቲዮኒኑ መልካም ሆኖ ላይሲኑ ያንሳል። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም ላይሲኑ ከአኩሪ አተር ያነሰ፥ አሠሩም የበዛ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ከማብዛት አኩሪ አተርንና የሰሊጥ ፋጉሎን በልክ አገናኝቶ መስጠት የአንዱን ጕድለት በሌላው ይሞላል። ሕዝባችን እንጀራን በሽሮ ወጥ መብላቱ በዚሁ ሥርዐት የቆመ ነው፤ በጤፉ የሚያንሰውን ላይሲን ሽምብራውና አተሩ ይሞላዋል።

አኩሪ አተር በጥሬው የሚሰጥ እንደ ሆነ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው። በጥሬው ውስጥ የሆድን የመፍጨት ሥራ የሚያግድ ነገር ስላለበት፥ ፕሮቲኑ ሳይፈጭ ወደ ኩስ ያልፋል። በልክ በእሳት ከተቈላ ወይም በእንፋሎት ከበሰለ ግን ያ ነገር ይጠፋል። ከልክ በላይ ያረረም ላይሲኑ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሙቀቱን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም የዶሮ ፍላጎት በዕድሜዋ ይለያያል። ለሥጋ የሚያድግ ጫጩት በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶው 22 እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለመታረድ ሲቀርብ ግን 18 ወይም 19 ይበቃዋል። ለዕንቁላል የምታድግ ቄብም ከጫጩቷ ያነሰ ፕሮቲን ይበቃታል። ለሁሉም ዕድሜ አንድ ዐይነት መኖ የሚሰጥ ባለ ርባታ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፥ ማለት ዶሮው ብዙ በሚበላበት ጊዜ፥ ፕሮቲኑን በከንቱ ያፈስሳል።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

እኛ ገና በመጀመሪያው ላይ ስለ ሆንን ቀድመውን ከሄዱት ልንማር እንችላለን። በአሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ግዛት ዶሮ በብዛት የሚረባበት አገር ነው። የባሕረ ሰላጤው ውሃ በተበላሸ ጊዜ ግዛቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ሕግ አወጣ፤ በሕጉም በዶሮ መኖ ውስጥ ፋይቴዝ የተባለው እንዲጨመር አዘዘ። ፋይቴዝ በእህሉ ውስጥ ተቈልፎ ያለውን ፎስፎረስ ዶሮዋ እንድትጠቀምበት የሚያደርግ ነገር ነው። ያ ሕግ የተነሣው ስለ ፎስፎረስ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ኩሱን ብቻ ሳይሆን መኖውንም ተመለከቱ።

የኤውሮፓ ኅብረት ደግሞ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ በናይትሬት በሚያሰጋ አገር በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት ከከብትና ከዶሮ ፍግ ከ170 ኪሎ የበለጠ ናይትሮጅን እንዳይፈስስ ወሰነ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔም ከ40,000 በላይ ዶሮ የሚይዙ ርባታዎች የመኖውን ፕሮቲን እንዲያስተካክሉ፥ መኖውን በየዕድሜው እንዲለዩ፥ አሚኖ አሲድም ለይተው እንዲጨምሩ መንገዱን ዘረዘረ። ለአንዲት ዕንቁላል ጣይ ዶሮም በዓመት በኩሷ የሚወጣውን ናይትሮጅን ከ0.4 እስከ 0.8 ኪሎ ወሰነ። ከዚህ በላይ ያሰላነው 0.73 ኪሎ በዚህ ወሰን ውስጥ ቢገኝም ወደ ላይኛው ጫፍ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ የሚሻሻል ብዙ ነገር አለ።

ነገሩን ያዘገየ አገር የሚደርስበትን ለማወቅም ሆላንድን መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር ከብቱ፥ ዐሣማውና ዶሮው በጠባብ መሬት ላይ እጅግ በዝቶ ነበር። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግንቦት 29 ቀን 2019 በፈረንጅ አቈጣጠር የናይትሮጅን ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዐት ሕግን አልጠበቀም ብሎ ሻረው። ከዚያም በኋላ የርባታ ብቻ ሳይሆን የቤትና የመንገድ ሥራዎች ሳይቀሩ ታገዱ፤ ገበሬዎችም በዚያው ዓመት ትራክተሮቻቸውን እየነዱ ወደ ሄግ ከተማ ሄደው አቤት አሉ። በጊዜው ቀስ ብሎ ሊስተካከል ይችል የነበረው ነገር ከዘገየ በኋላ ለገበሬውም ለመንግሥቱም ከባድ ሸክም ሆነ።

ስለ ጥንቃቄ

ይሁን እንጂ ይህን ያነበበ ሹም ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ፕሮቲን ቀንሱ» ብሎ ቢያዝ ጉዳት ያመጣል። አሚኖ አሲዱ ሳይሟላ ፕሮቲኑ ብቻ የተቀነሰ እንደ ሆነ ዕንቁላሉ ያንሳል፤ የሥጋ ዶሮውም አያድግም፤ ዶሮዎቹም እርስ በርሳቸው ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ባለ ርባታው ይከስራል፤ ምክሩንም ከእንግዲህ አይሰማም። ቅነሳው የመኖ ዐዋቂ አስልቶት፥ ጥቂት በጥቂት፥ ዕንቁላሉ እየተቈጠረ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ፥ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የፕሮቲን ቍጥር ብቻ አይቶ መኖን አለማወደስ ነው። በላቦራቶሪ ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅኑን በመለካት ስለ ሆነ፥ ናይትሮጅን ያለበት ማናቸውም ነገር ፕሮቲን መስሎ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር በቻይና ሜላሚን የተባለውን ኬሚካል በወተት ውስጥ የጨመሩ ሰዎች ያታለሉት በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ሕፃናትም ታመሙ። ስለዚህ ቍጥሩ ከፍ ያለ መኖ ሁሉ መልካም መኖ አይደለም።

ከሹማምንትና ከባለይዞታዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፤ ለአዲስ ርባታ ቦታ ወይም ፈቃድ ሲጠየቅ ስለ ቤቱ ስፋትና ስለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ስለ መኖው መጠየቅ ይገባል። መኖው ከየት ይመጣል? በየዕድሜው ተለይቷልን? የተሠራበትስ ነገር በጽሑፍ ተገልጿልን?

ሁለተኛ፤ ባለ ርባታው በየወሩ የገባውን መኖ፥ የፕሮቲኑን መጠንና የተሸጠውን ዕንቁላል ወይም ሥጋ በመዝገብ እንዲጽፍ ማስለመድ። ከዚህ በላይ እንዳየነው በነዚህ ሦስት ቍጥሮች ወደ ኩስ የሚሄደውን ናይትሮጅን ማንም የወረዳ ባለሙያ ሊያሰላው ይችላል።

ሦስተኛ፤ ትንንሾቹ ባለ ርባታዎች ሜቲዮኒንና ላይሲን ለየብቻ ለመግዛት ዐቅም ስለማይኖራቸው፥ በኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት አብረው እንዲገዙና አኩሪ አተራቸውንም በአንድ ቦታ እንዲያስቈሉ ማበረታታት።

አራተኛ፤ የሚያንጠባጥብ የውሃ መጠጫ እንዲጠገን፥ በመኖው ውስጥ ጨው ከልክ እንዳያልፍ፥ የወለሉም ጉዝጓዝ እንዲደርቅ መቈጣጠር። መኖው ቢስተካከል እንኳ ወለሉ ከረጠበ አሞኒያው አይቀርም።

አምስተኛ፤ የተረፈው ኩስ ከጣራ ሥር ደርቆ እንዲከማች፥ ከጕድጓድና ከወንዝ እንዲርቅ፥ በዝናብ ጊዜም ሳይሆን ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ በልክ በእርሻ ላይ እንዲበተን ማድረግ። መሬት ያላቸው ባለይዞታዎች ከአካባቢያቸው ርባታ ጋራ ተዋውለው ይህን ኩስ ቢወስዱ ለዩሪያ የሚያወጡት ገንዘብ ይቀንስላቸዋል።

ስድስተኛ፤ በትልልቅ ርባታዎች አካባቢ ያለው የጕድጓድ ውሃ ናይትሬቱ በየጊዜው እንዲለካ ማድረግ፤ ርባታው ከመጀመሩ አስቀድሞም አንድ ጊዜ ማስለካት። የፊተኛው ልክ በመዝገብ ከተጻፈ፥ በኋላ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ፍርድ መስጠት ይቀልላል።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንደሚባለው ዶሮ የምታስበው የምትበላውን ብቻ ነው። ልኩን ማሰብ የባለቤቷ ሥራ ነው፤ ባለቤቷ እንዲያስብበት ማድረግ ደግሞ የተሾመው ሰው ሥራ ነው። በመኖው ላይ ጥቂት ዕውቀት የተጨመረበት ርባታ ለባለቤቱ ትርፍ፥ ለከተማው ዕንቁላል፥ ለእርሻውም ማዳበሪያ ይሰጣል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለችው እናትም ለልጇ ወተት የምትበጠብጥበትን ውሃ ያለ ስጋት ትቀዳለች።